ሻንሲዋ የሚተነፍስ መኪና

አሶሳ ውስጥ ስለ አንድ ቀይ መኪናና ስለ አንድ ክላክስ የሚወራውን ሰምታችሁ ከሆነ ሰውየው እኔ ነኝ። ካልሰማችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ግን ይህ እድል ብዙ አይቆይላችሁም። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ወይም ፀጉር ቤት ቁጭ ብላችሁ አንዱ ይነግራችኋል። ሲነግራችሁም መኪናዋን ይበልጥ አቅልቶ፣ እኔን ይበልጥ አሳብጦ፣ ክላክሱንም ከፍ አድርጎ ነው። ስለዚህ ከእኔው ስሙት። እኔ ቢያንስ ክላክሱን አላጋንነውም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነፋሁት። እሺ፣ ሁለት ጊዜ።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ስለ ሻንሲ፣ ማለት ስለ መኪና የብረት አጽም፣ ትንሽ ማውራት አለብኝ። አትሽሹ። ወሬው እዚህ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ስለሚሸሽ ነው እስከ ዛሬ ስሜ ያልጸዳው።

የሰሊጥና የአኩሪ አተር ነጋዴ ነኝ፤ ወቅቱ ሲደርስ ማንጎም አላልፍም። የቀለም ትምህርቴ ገና ሳይሞቅ ነው የቀዘቀዘው። የቀረውን ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌርና በረዳት መካከል ተጣብቄ ተማርኩት። እዚያ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ፣ በእኛ አገር መንገድ የጭነት መኪና ሻንሲ መጠማዘዝ እንዳለበት ነው። ወደ ኩርሙክ የሚወርድ መኪና ባዶውን ሲሄድ ከኋላው ሆናችሁ እዩት። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ይወጣል፤ ወገቡ ወዲህ፣ ትከሻው ወዲያ ይሆናል። የተጠማዘዘው ይደርሳል። ግትር ብሎ አልጠማዘዝም ያለው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቅና ጭነቱን ለሌላ አስረክቦ ይቀራል። ሾፌሮቻችን አንድን መኪና ከልባቸው ሲያሞግሱ "ሻንሲው ይተነፍሳል" ይላሉ። እኔም መኪና ስገዛ አንድ ጎማውን ጉብታ ላይ አሰቅልና ከኋላ ቁጢጥ ብዬ አየዋለሁ። ከተነፈሰ እገዛለሁ። በዚህ ዘዴ አንድም ጊዜ ተሸውጄ አላውቅም። የኋላ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚሁ አለመሸወዴ ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሰሊጥ አስረክቤ ስመለስ እግሬ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ገባ። እግሬ ነው፤ እኔ የማልፍ መስሎኝ ነበር። እዚያ ጎን ለጎን ሁለት ስፖርት መኪኖች ቆመዋል። ፋብሪካቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም ከመሬት ከፍታቸው ድመት አያሳልፍም። ልዩነታቸው የተሠሩበት ዓመት ነው፤ አንዷ ታላቅ፣ አንዷ ታናሽ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። እሱ ምን አጠፋ? እሱማ አርሞት ነበር።

ስፖርት መኪና አሶሳ ላይ ምን ያደርግልሃል እንዳትሉኝ፤ ባለቤቴ ሉባባ ብላኛለች፣ እሷ ካለችበት አኳኋን የተሻለ አድርጋችሁ አትሉትም። ዕድሜዬን ሙሉ የተሳፈርኩበት መኪና ሁሉ ከእኔ ይልቅ ለጆንያው የሚያስብ ነበር። ምንም የማትጭን መኪና ሳይ ልቤ ተነካ። የኋላ ወንበሯ እንኳ ለሰው አይሆንም፤ ዘንቢል ቢቀመጥበት ዘንቢሉም ይጎብጣል።

ደላላው ወዲያው ደረሰብኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ታናሽየዋን ይውሰዱ። ፋብሪካው ሰው አማርሮበት ቦዲዋን አጠንክሮታል። በበሮቿ ሥርና በወለሏ ብረት ጨምሮባታል። ታላቅየዋ ግን ትጠማዘዛለች።"

"ትጠማዘዛለች" ሲል ጆሮዬ ቆመ።

"ብዙ ነው የምትጠማዘዘው?" አልኩት፣ ደስታዬን ደብቄ።

"ያሳዝናል፣ ጋሼ! ይዩ እስቲ" አለና ክሪክ አምጥቶ ታናሽየዋን ባንድ ጥጓ አነሳት። በሯን ከፍቶ ለቀቀው፤ ያለምንም ጣጣ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ታላቅየዋን እንደዚያው አነሳት። በሯ ግማሽ ላይ ያዘ። በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው፤ ሊከፍተው ሲል ደግሞ አንድ እግሩን መኪናዋ ላይ አስደግፎ ታገለ።

"አዩ?" አለኝ እያለከለከ።

"አየሁ" አልኩት። እሱ የሚያሳየኝ በሯ የሚያንቃት መኪና ነው። እኔ የማየው የሚተነፍስ ሻንሲ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ኢሱዙ አይደለም እኮ! ኢሱዙ ሻንሲው ለብቻ፣ ቦዲው ለብቻ ነው። የዚች ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ስትጠማዘዝ ከነበሯ ነው የምትጠማዘዘው።"

ታናሽየዋ ትወደድ ነበር። ደላላ ውዱን ዕቃ ሲያሞግስ እንዴት እንደሚደመጥ ደግሞ ለእኔ አይነገረኝም። ያ ሰው በሥራ ዘመኑ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ የተናገረውም ለእኔ ሆነና ባከነ። ታላቅየዋን ገዛሁ። ሲሸኘኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር የተሸነፈ ሰው ፊት ብዬ ነበር የወሰድኩት። ሐዘኔታ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አሶሳ የገባችው በጎማዋ አይደለም፤ ጭነት መኪና ላይ ተሰቅላ፣ ሸራ ለብሳ ነው። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሸራው ሲነሳ አንዱ "ቀሪው ክፍሏ በሌላ መኪና እየመጣ ነው?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

የመጀመሪያው ጉድ የደረሰው በገዛ ግቢዬ መግቢያ ላይ ነው። ከመንገዱ ወደ ግቢው ሲገባ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ላዩ ላይ ትንሽ ድልድይ ቢጤ። ሰያፍ ገባሁና አንድ የፊት ጎማዋ ድልድዩ ላይ ወጥቶ፣ በተቃራኒው ያለው የኋላ ጎማ ቦዩ ጠርዝ ላይ ዝቅ ብሎ ቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ እጀታውን ሳብኩ። ገፋሁ። በትከሻዬ ገፋሁ። በሩ ግድግዳ ሆኗል። ወደ ወዲያኛው በር ተሻገርኩ፤ እሱም ግድግዳ። መስኮቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ቁልፉን ስጫነው አቃስቶ ሦስት ጣት ያህል ወረደና እሱም ተያዘ። ሉባባ በረንዳው ላይ ሆና ታየኛለች።

"ምነው አትወርድም?"

"ትንሽ ዘፈን ልስማ ብዬ ነው።"

"ምንም ዘፈን የለም እኮ።"

"ሊጀምር ነው።"

ዘፈኑ ሳይጀምር ብዙ ቆየ። መጨረሻ ላይ ስልክ ደውዬ ገመቹን አስጠራሁት። ገመቹ ከባምባሲ የመጣ፣ የእኔን ጭነት መኪኖች የሚጠግን መካኒክ ነው። መጣ፣ ዞራት፣ ከኋላ ገፋ አደረጋት። መኪናዋ ሜዳው ላይ ስታርፍ በሩ ሳልነካው በራሱ ተከፈተ።

"ኦቦ፣ በሩ ምንም አልሆነም" አለኝ። "መሬቱ ነው የተበላሸው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሶሳን መሬት እንደ አዲስ አጠናሁት። ከተማችን ሜዳ ትመስላለች እንጂ ሜዳ አይደለችም፤ በመኪናዬ በር ነው ያወቅሁት። የነዳጅ ማደያው ሲሚንቶ ይከፍታል። ከባንኩ ፊት ለፊት ያለው ይከፍታል፣ ግን ከተሳፋሪ በኩል ብቻ። የገበያው ዳር ፈጽሞ አይከፍትም። የመስጊዳችን ግቢ ንጣፍ ግን ውኃ ልክ ነው፤ በሮቼ ሁለቱም እየተንሸራተቱ ይከፈታሉ። በዚህ የተነሳ መስጊድ አዘወተርኩ። ከሰላት ሰዓት ውጭ ሳይቀር እዚያ እየገባሁ አቆማለሁ። ኢማሙ ባዩኝ ቁጥር "ማሻአላህ" ይሉኛል፤ እኔም ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። እሳቸው ትሕትና ይመስላቸዋል፤ እኔ ንጣፉን እያየሁ ነው።

አሁን ዋናው ስህተት መጣ። ለምን ለሰው አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። በሩ ይይዘኛል ብትል ምን ነበረበት? የገበያ ሰው ብትሆኑ አትጠይቁኝም ነበር። መኪና ሲገዛ የተሸወደ ነጋዴ ሰሊጥ ሲገዛ አይሸወድም ብሎ የሚያምን ማነው? በነጋታው አቧራ የበዛበት ጆንያ ሁሉ እኔ መጋዘን በር ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ገበያ ዳር ስደርስ የሚያውቀኝ ሰው ሰላም ሊለኝ ይመጣል፤ መውረድ አልችልም፤ በተከፈተችው ቀዳዳ ሦስት ጣቴን አሳልፌ እጨብጠዋለሁ። በዚያች ቀዳዳ የሰሊጥ ናሙና አይቻለሁ፣ ዋጋ ተከራክሬያለሁ፣ አንድ ጊዜም የአንድ ሰው ሕፃን መርቄያለሁ። ሕዝቡ "ሰውየው ተለወጠ፣ ከመኪናው አልወርድም ይላል" አለ። ሰማሁ። ኮርቷል መባል ተሸውዷል ከመባል ይሻላል ብዬ ዋጥኩት። እንዲህ አድርጌ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ።

ይህን በፊቴ የተናገረኝ ሐጂ ባበክር ብቻ ነው። ባበክር የቤርታ ተወላጅ ነው፣ የዕድሜ ልክ ወዳጄና የንግድ ሸሪኬ። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ አስተካክሎ ባይናገረውም አስተካክሎ ያደማበታል። እኔን ሳሂብ ይለኛል፤ ወዳጄ ማለቱ ነው። አንድ ቀን የዘረጋሁለትን ጣቶች ዝቅ ብሎ አያቸው።

"ያ ሳሂብ፣ ድሮ ኢሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ ዘሎ ይወርዳል፣ እቅፍ ያደርገኛል። አሁን ሀብታም ሲሆን ለሰላምታ ጣት ብቻ ይልካል?"

"ቸኩዬ ነው፣ ሐጂ።"

"ጣትህ ቸኩሏል፤ አንተ ግን ቁጭ ብሏል" አለኝ። ጣቶቼን ሳይነካ ሄደ።

ስለ እናቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚያርፈው። ሐቡባ ሐዋ እንላታለን፤ ሐቡባ በነሱ ቤት አያት ማለት ነው፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት ነበረች። አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ሲያመጣን እኔ ገና ጭብጥ የማልሞላ ልጅ ነበርኩ። በደረስን በአጭር ጊዜ ወባ ጣለኝ። ያኔ ሰፋሪና ነባር ገና በዓይን ነው የሚነጋገረው። ሐቡባ በሰፈራችን ስታልፍ እናቴን ስታለቅስ አየቻት፤ አንድም ቃል ሳይግባቡ እኔን ከእጇ ወስዳ ጀርባዋ ላይ አዘለችኝና ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ ወሰደችኝ። ከዚያ በኋላ እናት ሁለት ሆነችልኝ። ገንፎ በባሚያ እያጎረሰች ነው ያሳደገችኝ። ካደግሁ በኋላም ሰው በተሰበሰበበት ታዋርደኝ ነበር።

"አንተ! ጀርባዬ ላይ ሽንት ሸንቷል። እኔ ሲሞት በትከሻ ይወስደኛል። ትከሻ አይደብቅም!"

"እሺ፣ ሐቡባ።"

"ቃል?"

"ቃል።"

እንግዲህ ያን ቀን ባምባሲ አኩሪ አተር ሳይ ባበክር ደወለልኝ። ድምፁ ጠፍቷል።

"ሳሂብ፣ እናቴ ሄዷል። ከዐስር ሰላት በኋላ ይቀበራል። ትከሻህን ይዘህ ና።"

ጭነት መኪናዬ ጭነት ላይ ነበረች። ቀይዋ አለች፤ አስፋልት ላይ ደግሞ፣ ልመስክርላት፣ ማንም አይደርስባትም። እያለቀስኩ በረርኩ። አሶሳ ስደርስ ሰላቱ አልቆ ጀናዛው ወደ መቃብሩ እየወጣ ነው። መንገዱን ሰው ሞልቶታል፤ ወንዱ ሁሉ ቃሬዛው ሥር እየተቀባበለ ትከሻውን እየሰጠ፣ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያለ ይሄዳል። ቀድሜያቸው ልውረድና ፊት ለፊት ልቀበላቸው ብዬ በጎን አለፍኩና ጥግ ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ መሬቱን ማን ያያል? አንድ የፊት ጎማዬ የፈረሰ ኩይሳ ላይ ወጣ፤ ባሻገር ያለው የኋላ ጎማ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ገባ።

እጀታውን ሳብኩ። ታውቁታላችሁ።

በትከሻዬ ገፋሁ፣ በእግሬ ገፋሁ፣ ወዲያ ተሻግሬ በጀርባዬ ገፋሁ። መኪናዋ ጨብጣ ይዛኛለች። መስኮቱ ሦስት ጣት ወርዶ ቆመ። አፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ "ክፈቱልኝ! በሩ ይዞኛል!" ብዬ ጮህኩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ድምፅ እየዘከረ ማን ይሰማኛል? ጫማዬን አውልቄ መስታወቱን መታሁት። ጫማው ተረታ። መኪናዋን እንዳላንቀሳቅስ ሕዝቡ ዙሪያዬን ሞልቶታል። ቃሬዛው ቀረበ። ከፊት በኩል ባበክር ራሱ ነው የተሸከመው፤ ያጎነበሰው አንገቱ ይታየኛል። እሱ ካለፈኝ ቃሌ አለፈ። ምንም አልታየኝም። እጄ መሪው ላይ ነበር። ነፋሁት።

የዚያች መኪና ክላክስ የተሠራው እኔ ላለሁበት ዓይነት ቦታ አይደለም። ዝክሩ ቀጥ አለ። ሕዝቡ ዞረ። ባበክር ቀና አለና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እኔም እንዳየኝ ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ወደኔ ና ለማለት እጄን አወናጨፍኩ። ከውጭ ሲታይ ይህ እጅ ምን እንደሚል እኔም በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬ አይቼዋለሁ። "ቶሎ በሉ፣ እለፉልኝ" ነው የሚለው። ያልገባው መስሎኝ ደግሜ ነፋሁት።

ባበክር አንገቱን መልሶ አጎነበሰ። አለፉ።

ተስፋ ስቆርጥ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩት። መኪናዋ ከኩይሳው ላይ ቀስ ብላ ተንሸራታ ሜዳው ላይ አረፈች፤ በሩም ቀለል ብሎ ተከፈተ። ስወርድ ከኋላ የቀሩ ሰዎች ቆመው እያዩኝ ነው። አንድ ሽማግሌ "መንገዱ ሲለቀቅልህ ወረድክ?" አለኝ። በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። ባበክር እጄን አልተቀበለኝም።

"ትከሻህ ቤቱ ይቀመጥ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እናቴ በሌላ ሰው ትከሻ ሄዷል።"

ለቅሶ ቤት ሄጄ አስረዳሁ። አይ፣ አስረዳሁ አይባልም። አንድ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ሻንሲ ሲያወራ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሁለት እጄን እያጣመምኩ፣ "ይኸውላችሁ፣ ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው፤ ታናሽየዋ ብትሆን ኖሮ ብረት ተጨምሮባታል..." እላለሁ። ሰዎቹ እጄን ያያሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ አንዱ ለሌላው ሹክ ይላል። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ኑሩ በመጨረሻ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ መኪናዋ ተጠማዝዛ ይሆናል። አንተ ግን ቀጥ ብለህ ክላክስ ነፍተሃል።"

ሰው የሚያውቀው እኮ ሌላ ነው። ወራት ሙሉ በሦስት ጣት ሲጨበጥ ከርሟል፤ የኮራ ሰው መሆኔን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። አሁን በር ነው ብል በየት በኩል ያምነኛል?

ሼህ ኑሩን ለመንኳቸው፤ ሽማግሌ ይዘው ግቢዬ መጥተው መኪናዋን አዩ። ግቢው ሜዳ ነው። ሼሁ በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ሌላው ሽማግሌ ገብተው ተቀምጠው ወጡ። "ከእኔ ቤት በር ይሻላል" አሉ። ቦታው ላይ እናቁማት፣ እዚያው ኩይሳ ላይ፣ ባበክርም ይምጣና በዓይኑ ይይ አልኩ። መልእክቱ ደረሰው፤ መልሱም መጣ።

"እመጣለሁ። በሩ ካልተከፈተ እኔ ይቅርታ ይጠይቃል። ከተከፈተ ግን ከዚህ በኋላ ስሜን አይጥራ።"

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እውነት በእጄ ነው። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹን በእግሬ ሄጄ ከየቤታቸው ሰበሰብኩና መጥቼ መኪናዋን አስነሳሁ። ስትሄድ ትንሽ ገገም ያለች መሰለኝ። ልብ አላልኩም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ቦታው ላይ ባበክር ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ሰላም አላለኝም። እኔም እንደዚያን ቀን አድርጌ፣ የፊት ጎማውን ኩይሳው ላይ፣ የኋላውን መውረጃው ውስጥ ከትቼ ሞተሩን አጠፋሁ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ፈገግ አልኩ። ከዚያ እጀታውን ሳብኩ።

ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

ዘጋሁት። እንደገና ሳብኩ። ተከፈተ። ባንዱ እግሬ ወጥቼ፣ ተመልሼ፣ በተሳፋሪው በኩል ሞከርኩ። ሳልገፋው ወለል አለ። ወርጄ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሥሯን አየሁ። በወለሏ ግራና ቀኝ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ሁለት አዳዲስ ብረቶች ተበይደዋል፤ ብየዳቸው ገና ያብለጨልጫል።

ሉባባ ናት። ሽማግሌ ልሰበስብ ስወጣ ገመቹን ጠርታ "ባሌ ላይ ዳግመኛ ይቺ ጉድ እንዳትቆለፍበት፤ ዛሬ በሰው ፊት ነው የሚቆመው" ብላዋለች። ገመቹም ለእሷ ብሎ ነፍሱን ሰጥቶ በየዳት። ፋብሪካው ዓመታት የፈጀበትን እርማት ምሳ ሳይደርስ ጨረሰው።

ከመሬት ስነሳ ባበክር ጀርባውን እየሰጠኝ ነው። "ሐጂ፣ ቆይ፣ ብየዳ ነው፣ ይኸው ብረቱ፣ ሚስቴ..." ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ ነው የምነግደው። የትኛው ዕቃ እንደማይሸጥ ገና ጆንያው ሳይፈታ አውቃለሁ። ይሄ እውነት አይሸጥም። ብረት በጨመርኩበት ቁጥር ይበልጥ ይጠማዘዝብኛል።

አፌን ዘጋሁ። ከዚያ እንደገና ከፈትኩት።

"ሐጂ፣ ያኔም ይከፈት ነበር። እኔ ነኝ ያልወረድኩት። ልቤ አብጦ ነው። ክላክሱንም የነፋሁት ትዕቢት ይዞኝ ነው።"

ባበክር ቆመ። ዞረ። ዓይኑ ሞላ።

"ይኸው!" አለ። "ይሄን ለመናገር ይሄ ሁሉ ብረት ምን ያደርጋል? እኔ መኪና አልጠየቅሁም፣ ሳሂብ። ሰው ነው የጠየቅሁት።"

መጥቶ አቀፈኝ። በሁለት እጁ፣ እንደ ድሮው። ሼህ ኑሩ ዱዓ አደረጉ፤ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እነሱ በጸጸት መሰላቸው፣ እውነትም በጸጸት ነበር፣ ጸጸቱ ሌላ ቦታ ነው እንጂ። ያልሠራሁትን ጥፋት ሁሉም ይቅር አለኝ። የሠራሁትን ግን፣ ያ ደላላ ክሪክ ይዞ እያለከለከ የነገረኝን አለመስማቴን፣ ወራት ሙሉ ወዳጆቼን በጣት መሸኘቴን፣ ይቅር የሚለኝ አላገኘሁም፤ ማንም አልጠየቀኝማ። ያቺ ትከሻም አትመለስም። ቃሬዛ አንድ ጊዜ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ከባበክር ጋር ብቻችንን ወደ መቃብሩ ወጣን። እሱ ዱዓውን አድርጎ ፈንጠር ሲል እኔ ራስጌዋ ቁጢጥ አልኩና፣ እሱ እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከሁለቱ መኪኖች ጀምሬ እንዳለ ነገርኳት። ታላቅየዋ ለምን እንደምትጠማዘዝ፣ ታናሽየዋ የት የት ቦታ ብረት እንደተጨመረባት፣ ሁሉንም።

"ምን ትለዋለህ ይሄን ያህል?" አለኝ ባበክር ከሩቅ።

"ይቅርታ እየጠየቅኋት ነው።"

"ረዥም ነው።"

"ጥፋቱ ነው የረዘመው፣ ሐጂ።"

"ጨርስለት እንግዲህ" አለና አንድ ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ጨረስኩላት። እሷም አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።